የተበላሸው ቀለም

ከአንድ ዓመት በፊት ስለ እስያ ገዳማት በጻፍኩት አጭር ጽሑፍ ውስጥ «የቡድሂስት መነኮሳት የዘፈራን ቀለም ያለው ልብስ ይለብሳሉ» ብዬ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን ስጽፈው ምንም አልከበደኝም፤ ሁሉም እንዲያ ይላል። በኋላ ግን ዘፈራን ምን እንደሆነ ቆም ብዬ ሳስብ አፈርኩ። አንድ ኪሎ ዘፈራን ለማግኘት ከመቶ ሺህ በላይ አበቦች መለቀም፣ ከእያንዳንዱም አበባ መካከል ሦስት ቀጫጭን ክሮች በጣት መነቀል አለባቸው። ከቆሻሻ ክምርና ከመቃብር ቦታ የተጣለ ጨርቅ ለቅሞ ድሪቶ የሚሰፋ፣ ምግቡን ለምኖ የሚያድር መነኩሴ ያን ድሪቶ እንዲህ ባለ ውድ ቅመም ይነክረዋል ማለት ለአእምሮ የማይገባ ነገር ነው። ታዲያ ያ ቀለም ከምን መጣ? ለምንስ ተመረጠ? ጥያቄውን ስከታተለው የደረስኩበት ነገር ከጠበቅኩት የተለየ ሆነ፤ በቡድሂዝም የቀለም ታሪክ መጀመሪያ ላይ ያገኘሁት ቀለምን መሸሽ ነው።

ነገሩ ከቋንቋው ይጀምራል። ትምህርቱ ተጠብቆ በቆየባቸው በፓሊና በሳንስክሪት «ራጋ» የሚለው ቃል ማቅለም ወይም መንከር ከሚል ሥር የወጣ ሲሆን፣ በአንድ በኩል ቀለምን፣ በተለይም ቅላትን፣ በሌላ በኩል ደግሞ ምኞትንና የሥጋ ፍትወትን ያመለክታል። የተመኘ ልብ በተመኘው ነገር የተነከረ ልብ ነው እንደ ማለት ነው። የዚህ ተቃራኒ የሆነው «ቪራጋ» በትምህርቱ ውስጥ እጅግ ከፍ ያለ ቦታ አለው፤ ዳማፓዳ በተባለው የግጥም ስብስብ ውስጥ ከነገሮች ሁሉ የሚበልጠው እርሱ እንደሆነ ተነግሯል። ተርጓሚዎች ብዙውን ጊዜ «ከምኞት ነፃ መሆን» ይሉታል፤ ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን ቃሉ በቁሙ የሚለው ጨርቅ ቀለሙን መልቀቁን፣ መፍዘዙን ነው። እኛ ቀለሙን የለቀቀ ልብስ ስናይ አረጀ፣ ተበላሸ እንላለን። ለእነርሱ ግን ይኸው መፍዘዝ የመንገዱ ፍሬ ምሳሌ ሆነ።

ይህ ሐሳብ በቃላት ጨዋታ ብቻ አልቀረም። ቪናያ የሚባለው የመነኮሳት ሥርዓት ስለ ልብስ አቀላለም የሚሰጠው ዝርዝር በጣም ተግባራዊ ከመሆኑ የተነሣ ሲነበብ እሳቱና ጭሱ የሚታይ ይመስላል። መነኮሳቱ በመጀመሪያ ልብሳቸውን በእበትና በቢጫ አፈር ያቀልሙ ነበር፤ ውጤቱ መጥፎ ስለሆነ ስድስት ዓይነት ማቅለሚያዎች ተፈቀዱላቸው፤ እነዚህም ከዕፅዋት ሥር፣ ግንድ፣ ቅርፊት፣ ቅጠል፣ አበባና ፍሬ የሚገኙ ናቸው። ያልፈላው ማቅለሚያ ልብሱን መጥፎ ሽታ ስላሸተተው እንዲፈላ ተፈቀደ። መብሰል አለመብሰሉን ለማወቅ ደግሞ አንዲት ጠብታ ውኃ ላይ ወይም በጣት ጥፍር ላይ ጣል አድርጎ ማየት በቂ ነው። የተነከረው ልብስ ገመድ ላይ ሲሰጣ ማቅለሚያው በአንድ ወገን እየወረደ ስለሚጠራቀም እየመላለሱ ማገላበጥ ይገባል፤ መንጠባጠቡ ሳያቆምም ትቶ መሄድ አይፈቀድም። ልብሱ ደርቆ ከሻከረ በእጅ እየመቱ ማለስለስ ይቻላል። ይህን ያስተላለፉ ሰዎች እጃቸው ማቅለሚያ ነክቶ የማያውቅ ሰዎች ሊሆኑ አይችሉም።

የተከለከሉትም ቀለሞች በዚያው ተጠቅሰዋል፤ ሙሉ በሙሉ ሰማያዊ፣ ሙሉ በሙሉ ቢጫ፣ ደም የመሰለ ቀይ፣ ጥቁርና ሌሎችም ይገኙባቸዋል። ክልከላው ቀለሞቹ በራሳቸው ክፉ ናቸው ከሚል አልመጣም። እንዲህ ደምቆና ጠርቶ የወጣ ልብስ በከተማ የሚኖሩ፣ በዓለም ደስታ የሚደሰቱ ሰዎች ልብስ ስለነበር ነው። ልብሱ ተቆራርጦ እንዲሰፋ የታዘዘበት ታሪክም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ቡድሃ በማጋዳ አገር ሲጓዝ በድንበርና በመተላለፊያ የተከፋፈሉትን የእርሻ ማሳዎች አይቶ፣ ደቀ መዝሙሩን አናንዳን የመነኮሳቱን ልብስ በዚህ ንድፍ ልትሠራው ትችላለህን ብሎ ጠየቀው፤ አናንዳም ሠራው። እስከ ዛሬ ድረስ በመነኮሳቱ ካባ ላይ የሚታዩት አራት ማዕዘን ቁራጮችና በመካከላቸው የሚያልፉት ስፌቶች የዚያ ማሳ መልክ ናቸው። የተቆራረጠ ጨርቅ ዋጋ የለውምና ሌባም አይመኘውም፤ ንድፉ ውበትንም ከንቱ መሆንንም በአንድ ላይ ይዟል።

የልብሱ ስም በሳንስክሪት «ካሻያ» ይባላል። ቃሉ ቅርፊት ተቀቅሎ የሚወጣውን፣ ሲቀመስ ምላስን ጨምድዶ የሚይዘውን ፈሳሽ ያመለክታል፤ ከዚያ ፈሳሽ የሚገኘውን ደብዛዛ ቀይ ቡናማ ቀለምም ያመለክታል፤ እድፍንም ያመለክታል። በቻይንኛ የተረጎሙት ሰዎች «የተበላሸ ቀለም» አሉት፤ ከዘፈራን ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እውነተኛ ትርጉም ነው! በዳማፓዳ መጀመሪያ አካባቢ ይህን የቃል ጥምረት የሚጠቀም ቅኔ አለ። ፓሊው ልብሱንም እድፉንም በሚቀራረብ ድምፅ ስለሚጠራቸው፣ ግጥሙ ከውስጡ እድፍ ሳያጠራ ባለ እድፍ ቀለሙን ልብስ የሚለብስ ሰው ልብሱ አይገባውም ይላል። ሰሙ ጨርቁ ነው፤ ወርቁ ልብ ነው። ቅኔ ለሚያውቅ አንባቢ ይህን ማብራራት አያስፈልግም።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላ ምሳሌ ደግሞ ከማቅለሚያ ቤት የተወሰደ ነው። በመካከለኛ ርዝመት ስብከቶች ስብስብ ውስጥ በሰባተኛው ስብከት፣ ቡድሃ ስለ አንድ ቆሻሻ ጨርቅ ይናገራል። አቅላሚው ያን ጨርቅ በሰማያዊ ቢነክረው፣ በቢጫ ቢነክረው፣ በቀይ ወይም በሮዝ ቢነክረው ቀለሙ በደንብ አይዝም፤ ጥፋቱ ከጨርቁ እንጂ ከቀለሙ አይደለም። ንጹሕ ጨርቅ ግን በየትኛውም ቢነከር ጥርት ብሎ ይወጣል። እዚህ ላይ ቀለም እንደገና በጎ ነገር ሆኖ መምጣቱን ልብ ይሏል። መጀመሪያ መፍዘዝን ያወደሰው ትውፊት ራሱ፣ ንጹሕ ሆኖ የተገኘን ልብ በደንብ ቀለም ከያዘ ጨርቅ ጋር ያመሳስለዋል። ለእኔ ሁለቱ የሚጋጩ አይመስሉኝም፤ ከመንከር በፊት ማጠብ እንዳለ ማንም አቅላሚ ያውቃልና።

ቀለም ለማሰላሰል መሣሪያነትም ውሏል። በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በስሪላንካ የሠራው ሊቁ ቡድሃጎሳ በዘረዘራቸው የማሰላሰያ ዕቃዎች ውስጥ አራቱ ቀለሞች ናቸው፤ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ። ለሰማያዊው ለምሳሌ፣ ሰማያዊ አበቦችን ሰብስቦ ግንዳቸውና የመካከላቸው ዘንግ እንዳይታይ አድርጎ በሰፌድ መሰል ዕቃ ላይ መደልደል ይቻላል። ከቀለሞቹ ሌላ በዝርዝሩ ውስጥ ያለው፣ ከአፈር የሚሠራው የማሰላሰያ ክብ ስፋቱ ስንዝር ከአራት ጣት ይሆናል፤ የሚያሰላስለውም ሰው ሁለት ክንድ ተኩል ያህል ርቆ፣ ዓይኑን ሳያፈጥና ሳይጨፍን ይመለከተዋል። ያለማቋረጥ ሲለማመድ ዓይኑን ቢጨፍንም ቀለሙ ከፊቱ አይጠፋም፤ ከዚያ በኋላ ዕቃው አያስፈልገውም። አንድ የማስታውሰው ነገር ቢኖር፣ ለአፈሩ የንጋት ሰማይ የመሰለ ቀለም ያለው አፈር እንዲመረጥ መታዘዙ ነው፤ ምክንያቱም አፈሩ ከአራቱ ቀለሞች ወደ አንዱ ካደላ ማሰላሰሉ ስለ አፈር መሆኑ ቀርቶ ስለ ቀለም ይሆናል።

ትምህርቱ ከሕንድ ሲወጣ ልብሱም በደረሰበት አገር ዛፍና ሹመት ተነከረ። በታይላንድ የጫካ መነኮሳት ዛሬም የጃክፍሩትን ዛፍ የውስጥ እንጨት ሰንጥቀው እየቀቀሉ ወደ ወርቃማ ቡናማ የሚያደላ ማቅለሚያ ያወጣሉ። የቲቤት መነኮሳት ጥቁር ቀይ ይለብሳሉ፤ በኮሪያ ግራጫው ልብስ የተለመደ ነው፤ በምያንማር ሴት መነኮሳት ሮዝ ይለብሳሉ፤ ነጭ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ በቤታቸው ሆነው ትምህርቱን የሚከተሉ ምእመናን ልብስ ነው። በቻይና ግን ነገሩ ወደ ቤተ መንግሥት ዞረ። በታንግ ሥርወ መንግሥት ወይን ጠጅ ቀለም የከፍተኛ ባለሥልጣናት ልብስ ነበር፤ እቴጌ ዉ ዜቲያን በ690 እ.ኤ.አ. ለንግሥናዋ የሚመቸውን ሥራ ለሠሩላት ጥቂት መነኮሳት ወይን ጠጅ ካባ ሸለመቻቸው። ከመቃብር የተለቀመው ድሪቶ የሹመት ልብስ ሆኖ ተገኘ።

ልማዱ ወደ ጃፓን ተሻገረና ጠብ አስነሣ። በዚያ ለታላላቅ ገዳማት አለቆች ወይን ጠጅ ካባ የሚሰጠው ንጉሠ ነገሥቱ ነበር፤ ለቤተ መንግሥቱም የገቢ ምንጭ ሆኖ ነበር። የቶኩጋዋ ወታደራዊ መንግሥት ይህን ሥልጣን ለመቆጣጠር ሲል የተሰጡትን ካባዎች በ1627 እ.ኤ.አ. ሻረ። የተቃወሙ መነኮሳት፣ ከእነርሱም መካከል ዜን የሚባለው የቡድሂዝም ዘርፍ ታዋቂ መምህር ታኩዋን ሶሆ፣ በ1629 ተጋዙ፤ በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥት ጎ ሚዙኖኦ ዙፋኑን ለቀቀ። ለዙፋኑ መልቀቅ ሌሎችም ምክንያቶች ነበሩት። የሆነ ሆኖ፣ ደማቅ ቀለምን የሸሸው ልብስ የአንድን መንግሥት ሁለት ሥልጣናት እስከማጋጨት መድረሱን ሳስብ፣ ያ ጠብታ በጥፍር ላይ ይታይበት የነበረው ዘመን በጣም ሩቅ ሆኖ ይታየኛል።

በእኔ አስተያየት ግን ትልቁ ለውጥ የመጣው በቫጅራያና፣ ማለትም በኋላ በቲቤትና በሂማላያ ሥር በሰደደው ትምህርት ውስጥ ነው። እዚህ ቀለም አይሸሽም፤ ይለወጣል። አምስት ቡድሃዎች በአንድ ማንዳላ፣ ማለትም ለማሰላሰል በሚያገለግል ቅዱስ ንድፍ፣ ላይ ይቀመጣሉ፤ በመካከል ነጩ ቫይሮቻና፣ በምሥራቅ ሰማያዊው አክሾብያ፣ በደቡብ ቢጫው ራትናሳምብሃቫ፣ በምዕራብ ቀዩ አሚታብሃ፣ በሰሜን አረንጓዴው አሞጋሲዲ። እያንዳንዳቸው አንድ የልብ መርዝ ወደ አንድ ጥበብ የሚለወጥበት ቦታ ናቸው። ቁጣ በአክሾብያ እንደ መስተዋት ሁሉን ሳያዛባ የሚያሳይ ጥበብ ይሆናል፤ ትዕቢት በራትናሳምብሃቫ ሁሉን እኩል የሚያይ ጥበብ ይሆናል፤ ቅናት በአሞጋሲዲ ሥራን የሚፈጽም ጥበብ ይሆናል። የአሚታብሃ ቀይ ደግሞ የማን እንደሆነ አንባቢ ሳይገምት አይቀርም፤ የራጋ ነው። የመጀመሪያዎቹ መነኮሳት ሊያፈዝዙት የደከሙበት ያ ቅላት፣ የምኞት ቀለም፣ እዚህ ሳይፈዝዝ አንዱን ነገር ከሌላው ለይቶ የሚያውቅ ጥበብ ሆኖ በምዕራብ፣ ፀሐይ በምትጠልቅበት አቅጣጫ፣ ተቀመጠ።

ይህን ሥርዓት እንደ መዝገበ ቃላት አድርጎ ማጥናት ግን ያሳስታል። በአንዳንድ ጽሑፎች ቫይሮቻና ሰማያዊ፣ አክሾብያ ነጭ ይሆናሉ። በማንዳላው አረንጓዴ ከነፋስ ጋር ሲያያዝ፣ በተራራ መተላለፊያ ላይ በሚሰቀሉት የጸሎት ባንዲራዎች ግን ሰማያዊው ሰማይን፣ ነጩ ነፋስን፣ ቀዩ እሳትን፣ አረንጓዴው ውኃን፣ ቢጫው ምድርን ያመለክታል። «አረንጓዴ በቡድሂዝም ምን ማለት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስለዚህ መጀመሪያ «በየትኛው ሥዕል? በየትኛው ገዳም?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። የቀለም ትርጉም በሰንጠረዥ ተሰድሮ በየቦታው ሲቀርብ አያለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ሰንጠረዦቹን አላምናቸውም።

ከትርጉም ይልቅ እኔን የሚይዘኝ ቀለሙ የተሠራበት ነገር ነው። በቲቤት ሥዕል ላይ የሚታየው ቀይ ብዙውን ጊዜ ሲናባር ነው፤ ይኸውም ባዚቃና ድኝ ነው። ቢጫው አርሴኒክና ድኝ ነው። ሰማያዊውና አረንጓዴው ከመዳብ ማዕድን ተፈጭተው ይወጣሉ፤ ጥቁሩ ጥላሸት ነው፤ ሁሉም ከቆዳ ተቀቅሎ በሚገኝ ሙጫ ይለወሳሉ። መርዝን ወደ ጥበብ ስለመለወጥ የሚያስተምረው ሥዕል ራሱ በመርዝ የተሣለ ነው። ከሁሉ ውዱ ሰማያዊ፣ ላፒስ ላዙሊ፣ ከአፍጋኒስታን ሰሜን ምሥራቅ ከባዳክሻን ተራሮች ይወጣ ነበር፤ በሐር መንገድ ላይ ባሉት የኪዚል ዋሻዎች ግድግዳዎች ላይ በልግስና ተቀብቷል። የመድኃኒት ቡድሃ የሚባለው ደግሞ ሰውነቱ ራሱ የዚህ ድንጋይ ቀለም አለው።

በቻይና በዱንሁዋንግ አጠገብ ያሉትን የሞጋኦ ዋሻዎች ሥዕሎች በፎቶግራፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይ ሌላ ስሕተት ሠርቻለሁ። በጥንታዊዎቹ ዋሻዎች ውስጥ ፊታቸው የጠቆረ፣ በወፍራም ጥቁር መስመር የተከበበ፣ አፍንጫቸውና ዓይናቸው ላይ ብቻ ነጭ የቀረ ምስሎች አሉ፤ ነጩ በቻይንኛ «ትንሽ» ተብሎ የሚጻፈውን ፊደል ይመስላል። ሠዓሊዎቹ አስፈሪ፣ ኃይለኛ መልክ ሊሰጧቸው ፈልገው ነው ብዬ አሰብኩ፤ በማስታወሻዬም ስለዚያ ጥቁርነት ምሥጢራዊ ትርጉም አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። እውነቱ ሌላ ነው። ያ ጥላ የሥጋ መልክ ያለው ለስላሳ ሮዝ ነበር። በቀለሙ ውስጥ የነበረው እርሳስ በብርሃንና በእርጥበት ምክንያት በመቶዎች ዓመታት ውስጥ ጠቁሮ ነው እንጂ ሠዓሊው ጥቁር አልቀባም። ትርጉም የሰጠሁት ለኬሚስትሪ ነበር። ያን ገጽ ቀድጄ አልጣልኩትም፤ ምልክት ለመፈለግ ስቸኩል እያወጣሁ አየዋለሁ።

ዛሬ በመላው ዓለም በቡድሂስት ቤተ መቅደሶች ላይ የሚውለበለበው ባንዲራ ሰው ከሚገምተው በላይ ወጣት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰቀለው በኮሎምቦ በ1885 እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር፣ የቡድሃ ልደት በሚታሰብበት በቬሳክ በዓል ዕለት ነው፤ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ቬሳክ የሕዝብ በዓል ሆኖ የተከበረበት የመጀመሪያው ዓመት ነበር። ንድፉን ያዘጋጀው በኮሎምቦ የተቋቋመ ኮሚቴ ሲሆን፣ ረጅም ጨርቅ የነበረውን እንደ አገር ባንዲራ መጠን እንዲያሳጥሩት የመከራቸው አሜሪካዊው ጡረተኛ ኮሎኔል ሄንሪ ስቲል ኦልኮት ነው። ቀለሞቹ ግን ጥንታዊ ትረካ አላቸው። ቡድሃ ልቡ ከበራለት በኋላ በጥልቅ ሲያሰላስል ከሰውነቱ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭና ብርቱካናማ ጨረር ወጣ፤ ስድስተኛው የሁሉም ድብልቅ ነው ይባላል። በባንዲራው ላይ ስድስተኛው ዐምድ አምስቱን ቀለሞች ደራርቦ የያዘው ለዚህ ነው። ለድብልቅ ብርሃን ቀለም ማግኘት አይቻልምና ኮሚቴው ያገኘው መፍትሔ ብልህ ነው።

ይህ ባንዲራ ደም የፈሰሰበትም ነው። በግንቦት 1963 እ.ኤ.አ. በደቡብ ቬትናም፣ በሁዌ ከተማ፣ የንጎ ዲን ዲየም መንግሥት ለቬሳክ እንዳይሰቀል ከለከለ፤ ከጥቂት ቀናት በፊት ግን በዚያው ከተማ የቫቲካን ባንዲራ ተውለብልቦ ነበር። በተቃወሙት ላይ ተተኩሶ ሰዎች ሞቱ። በሰኔ 11 ቀን መነኩሴው ቲክ ኳንግ ዱክ በሳይጎን አደባባይ ራሱን በእሳት አቃጠለ፤ በኅዳር ወር መንግሥቱ ወደቀ። ቀለም ምልክት ብቻ ነው የሚል ሰው ሲገጥመኝ ይህን አስታውሳለሁ።

ወደ ልብሱ ልመለስና፣ ዛሬ አብዛኛው የመነኮሳት ልብስ በፋብሪካ ማቅለሚያ ተነክሮ፣ ጥርት ያለ ብርቱካናማ ሆኖ ከመደብር ይገዛል፤ ቅርፊት የሚቀቅል ጥቂት ነው። ነገር ግን በቪናያ ውስጥ አንዲት ትንሽ ደንብ አለች። በአንድ ወቅት መነኮሳትና ሌሎች መንገደኛ ባሕታውያን አብረው ሲሄዱ ወንበዴ ዘረፋቸው፤ ልብሱ ሲመለስ መነኮሳቱ የራሳቸውን መለየት አቃታቸው። ከዚያ ወዲህ አዲስ ልብስ ያገኘ መነኩሴ ከመልበሱ በፊት በሰማያዊ፣ በጭቃ ወይም በጠቆረ ቡናማ ምልክት ሊያደርግበት፣ በዚያውም አዲስነቱን ሊያበላሽበት ይገባል። ከመደብር የመጣውም ልብስ ከዚህ አያመልጥም። መነኩሴው ጥቅሉን ይፈታል፣ የልብሱን ጥግ በጉልበቱ ላይ ይዘረጋል፣ እስክሪብቶ ያነሣል፤ ምልክቱን ማድረጉን የሚገልጸውን አጭር የፓሊ ቃል እያለ ሦስት ነጠብጣብ ቀለም ያሳርፍበታል።